መርከበኛውና የሐሙሱ አውሮፕላን

ስለዚያ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ስጽፍ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወድጄ አልጻፍኳቸውም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ጋይንት ውስጥ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሳለሁ፣ የፓርቲው ተጠሪ አስጠራኝና «ጓድ መምህር፣ አንድ ፈረንጅ ይመጣል፤ አፉ ትሆነዋለህ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ያለውን ሁሉ ጽፈህ ታመጣልኛለህ» አለኝ። እንግሊዝኛን የማውቀው ከመጽሐፍ እንጂ ከባለቤቶቹ አፍ አልነበረም። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በወረዳው ከእኔ የተሻለ ሰው አልተገኘም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ድካሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ብናገረው ሰበብ ይመስልብኛል። ጧት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ሲመሽ ስብሰባ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ስለ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ አለ። ከክፍሌ ልጆች እኩሌታዎቹ ወላጆቻቸውን ተከትለው ወደ አውራ ጎዳናው ወጥተው ቀርተዋል። የቀሩት ርቧቸው ዴስክ ላይ ያሸልባሉ፤ እኔም አልቀሰቅሳቸውም፤ ቀስቅሼ ምን ልሰጣቸው? ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ከመቀመጫዬ የምነሣው እየቃተትኩ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የእህቴ ነገር ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች አንዲት የማርያም ደብር፣ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናቡ ዘግይቶ እየመጣ ቀድሞ ሄደባቸው። በሬዎቹ አለቁ፤ ጎተራው ተሟጦ ታጠበ። ባሏ ለሰፈራ ተመዘገበ። መኪናዎቹ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው በግንቦት ማለቂያ፣ ሰኞ ቀን አርብ ገበያ መጥተው ሰዉን ወደ መተከል እንደሚወስዱ ተነገረ። እህቴ «የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ እኔ ከእናቴ መቃብር አልርቅም» አለች። ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ከዚያ ሰኞ በፊት እህል ከመጣ ይቀራሉ፣ ካልመጣ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ እኔም እንቅልፌ ሁሉ ሰኞን መቁጠር ሆነ።

ፈረንጁ በአቧራ ተለውሶ ደረሰ። ዕድሜው ስልሳን የዘለለ፣ ረጅም፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ ቋ የሚል ሰውዬ ነበር። ውሃ በጠፋበት አገር በአንድ ስኒ ውሃ በየቀኑ ጢሙን ይላጫል። ጫማውንም ይወለውላል፤ ለማን ብሎ እንደሆነ እንጃ። አንድ የእርዳታ ድርጅት የላከው ሜዳ እንዲመርጥ ነው። መኪና በማይገባባቸው አጥቢያዎች አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ ሳያርፍ፣ እህሉን እንዲጥል ታስቧል። ለዚህ ደልዳላ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ከገደል የራቀ መሬት ያስፈልጋል። ጋይንት ላይ እንዲህ ያለ መሬት ያገኘ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ያረሰው ነበር። ያም ሆኖ አምስት ቀን በእግራችን ዞርን። እሱ እርምጃውን እየቆጠረ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፤ እኔ ከኋላው እየተጎተትኩ ለሚያጋጥመን ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ አስረዳለሁ።

በመጨረሻ የወደደው የእህቴን ደብር ሜዳ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከገደሉ በተቃራኒው ወገን ያለ፣ ለጥምቀት ሰው የሚሰበሰብበት፣ ከብት የሚሰማራበት የወል ግጦሽ ነው። እኔ ስለ እህቴ አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር። እርምጃውን ቆጥሮ ሲጨርስ «ይህ ይሆናል» አለ፤ ሌላም አላለም። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ጀርባዬን አዙሬ ጫማዬን እንደማስር ሆንኩ።

ሜዳውን ከመስጠታቸው በፊት ሽማግሌዎቹ እንግዳው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። በአገራችን ወግ መሬት ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ባለበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተቀምጠው ጠየቁት። እኔም የሰውዬውን የሥራ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ፣ ባሕር አይተው ለማያውቁ ሰዎች እየተረጎምኩ ነው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሏል፤ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት የገባው በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ይህን ስተረጉም የደብሩ አለቃ፣ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ ቄስ፣ ቀና አሉ።

«በዐሥራ ሦስት? ከናት ካባት ተለይተው?»

«አዎ አባቴ። ይገርፏቸው ነበር ይላሉ፤ ከቦታ ቦታ የሚሄዱትም በሩጫ ብቻ ነበር ይላሉ።»

«እንደ ቆሎ ተማሪ ነዋ! የኛም እንዲሁ ነበር። ውሻ ብቻ ነው የጎደላቸው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እንግዳውን በሌላ ዐይን ያዩት ጀመር።

አንዱ ሽማግሌ ባሕሩ ጣናን ያክል እንደሆነ ጠየቀ። ሃያ ቀን ቢሄዱ ዳር የለውም አልኩት። ውሃው ይጠጣል ወይ አለኝ። ጨው ነው፣ አይጠጣም አልኩት። «ካልተጠጣ፣ እርሻ ካላጠጣ ምን ሊያደርጉለት ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠበቁት?» አለ። ይህን ስተረጉምለት መኮንኑ እሱም አንዳንዴ እንደዚያው ብሎ ራሱን እንደሚጠይቅ ነገረኝ። በወጣትነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ላይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የባሕርን ወለል ጥልቀት እየለካ ካርታ ሲሠራ ኖረ። የአንዲት ትንሽ መርከብ አዛዥም ሆኖ ነበር፤ እሷም አርጅታ ለብረቷ ተሰባበረች። ከዚያ ቢሮ አስቀመጡት፤ ከዚያ ጡረታ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም።

«ስንት ጋሻ መሬት ሰጧቸው?» አለ ያው ሽማግሌ። የሽንኩርት መደብ የምታህል ጓሮ እንዳለችው ነገርኩት። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ላገለገለ የሽንኩርት መደብ! ንግሥትዎ ንፉግ ናት በልልኝ» ሲል ሁሉም ሳቁ። ሊቀ መንበሩ የንግሥት ስም ሲነሣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳቁም ወዲያው ቆመ። ሜዳው ግን ተፈቀደ።

ይህንን ሁሉ ዓርብ ጽፌ አስረከብኩ። ተጠሪው አንብቦ «ይህ የቄስና የገበሬ ጨዋታ ነው፤ መርከቡ ላይ በትክክል ምን ይሠራ እንደነበር አጣርተህ አምጣ» አለኝ። አጣራሁ። መኮንኑ እያነከሰ በሚሄድበት መንገድ ላይ ስጠይቀው ሳይደብቅ ነገረኝ፤ በጦርነቱ ጊዜ የመልእክት መኮንን ነበር። በባንዲራ፣ በመብራትና በሬዲዮ ከሌሎች መርከቦች የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ ለአዛዡ ያነባል። በሚቀጥለው ዓርብ አንዲት ሳላስቀር ጻፍኩት። አስተማሪ ነኝ፤ የታዘዝኩትን አሟልቼ መጻፍ ልማዴ ነው። በማግስቱ ድርጅቱ ለመኮንኑ የላከው የሬዲዮ መገናኛ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተይዞ ቀረ። የቀድሞ የመልእክት መኮንን ከሆነ ሬዲዮ አይሰጠውም ተባለ። መኮንኑ ትከሻውን ሰበቅ አደረገ። ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያገናኘን እንግዲህ መሬት ላይ የሚነጠፈው ምልክት ብቻ ነበር። ምልክቱ ካልታየ አውሮፕላኑ አይጥልም፤ ሰው ወይም ከብት ከሥር ሊኖር ይችላል። የእኛ ቀን ሐሙስ ነው። ከሰኞው በፊት የነበረው ደግሞ አንድ ሐሙስ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጣቃ አቡጀዲ በአህያ ጭነን ሜዳው ደረስን። የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ጨርቁን ዘረጉ፤ መኮንኑ በገመድ እየለካ አንዱን በቁመት አንዱን በአግድም አስነጠፈ። ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ከላይ ሲታይ እንደሱ የሚለይ ምልክት የለም አለኝ። አለቃው በዕለቱ አልነበሩም፤ ሌላ አጥቢያ ለተዝካር ሄደዋል።

እኔ የካህን የልጅ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜአለሁ። መስቀል መሬት ላይ እንደማይነጠፍ፣ ወድቆ የተገኘም እንደሆነ አንሥተው ስመው ከፍ ካለ ቦታ እንደሚያኖሩት ለእኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም ነበር። የመጨረሻው ጫፍ ተዘርግቶ የመስቀሉ ቅርጽ ወጣ። አንድ ውሻ በመሐሉ አቋርጦ ሲሄድ አየሁ። ከታጣቂዎቹ አንዱም አየና ፊቱን አዞረ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ብናገር ለምን ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ በደካማ እንግሊዝኛዬ አስረዳለሁ፤ እሱ ደግሞ ፓይለቶቹ የሚያውቁት ይህንን ምልክት ነው ይለኛል፤ እኔ ያንን ለገበሬዎቹ አስረዳለሁ፤ እነሱ አለቃው ይምጡ ይላሉ። ከጧት ጀምሮ የሁለት ሰው ወሬ በአንድ ጉሮሮ ሳመላልስ ውዬ ነበር። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ደክሞኝ ነበር፤ ይኸው ነው። ታጣቂዎቹን ለጥበቃ ትተን ከሸለቆው ማዶ ወዳለችው የመሠረተ ትምህርት ጎጆ ሄደን አደርን።

አውሮፕላኑ የሚጠበቀው በሦስት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሸለቆውን ተሻግረን ሽቅብ ወጣን። ሜዳው ላይ ሣር ብቻ ነበር። ድንጋዮቹ በሥርዓት ተሰብስበው ዳር ተቆልለዋል። መኮንኑ ቆመና አየኝ፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ ገብቶኛል። ታጣቂዎቹ ተጣጥበው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሲመጡ አየኋቸው። የዕለቱ በዓል የማርያም ነበር፤ ቅዳሴ አለ። ከፊታቸው እህቴ እየሮጠች መጣች። ከወራት ወዲህ እንዲያ ፊቷ ሲፈካ አላየሁትም።

«ወንድምዓለም! ኧረ ጉድ ልንሆን! መስቀሉ እንዲህ ተዘርግቶ፣ ውሻና አህያ ሲራመድበት ጧት ለኪዳን ስንወጣ አገኘነው። አለቃ ከተዝካሩ ተመልሰው ነበር፤ አልቅሰው ሊሞቱ። ሁላችንም ስመን አጥፈን አስገባነው። እኔም አንዱን ጫፍ ይዤዋለሁ!»

«የት አስገባችሁት?» አልኳት።

«ቤተ መቅደስ ነዋ! ሌላ የት ሊቀመጥ ኖሯል?»

ሮጥኩ። አለቃው መቅደስ ገብተው ቅዳሴውን ጀምረዋል፤ ጨርቁም ከእሳቸው ጋር ውስጥ ነው። ቅዳሴ ተጀምሮ ካህን አይወጣም፤ ምእመን አይገባም። መጋረጃው ሥር ቆሜ ለዲያቆኑ በእጄ ብጠቅሰው በዐይኑ ገሠጸኝ። ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ከሰሜን በኩል ዝቅ ብሎ ሲመጣ ደረስኩ። መኮንኑ ሸሚዙን አውልቆ ሜዳው መሐል ቆሞ ያውለበልባል። ደረቱ ነጭ ነበር፤ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ከዚያ ክንፉን አዘንብሎ ወደ መጣበት ተመለሰ። እህቴ አጠገቤ ቆማ «ምነው ሄደ?» ትለኛለች። ከሕዝቡ መካከልም ብዙ ሰው ያንኑ ይጠይቀኝ ነበር።

መኮንኑ ሸሚዙን ለብሶ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደድኩ። አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ የሆነውን አስረዳሁት። ትናንት አውቄ ዝም ማለቴንም፣ ሬዲዮው የተያዘበት ነገር የወጣው ከእኔ እጅ መሆኑንም፣ እህቴ ሰኞ እንደምትሄድም፣ ሁሉንም አከታትዬ ነገርኩት። ቃላቱ ከየት እንደመጡልኝ አላውቅም፤ ሰዋስዉም ጠፍቶኝ ነበር።

ሲሰማኝ ቆይቶ ስለ ራሱ ይነግረኝ ጀመር። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ መርከቦች ስንዴና ጥይት ጭነው በአንድነት ይጓዙ ነበር። አንድ ቀን ጧት ከፊታቸው ያለችው መርከብ ተመታች። ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ናቸው። ከመሪው መርከብ መልእክት መጣ፤ አትቁሙ የሚል። የቆመ መርከብ እሱም ይመታል፤ ትእዛዙ ትክክል ነበር አለኝ። መልእክቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ለአዛዡ ያነበበው የሃያ ዓመቱ እሱ ነው። መርከባቸው በሰዎቹ መካከል አልፋ ሄደች። ሰዎቹ እጃቸውን ያነሡ ነበር፤ ሊያወጧቸው የመጡ መስሏቸው አንዳንዶቹ ፈገግ ይሉ ነበር። «እኔ ያነበብኩት ብቻ ነው» አለኝ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግዬ፣ ማዕረግ አግኝቼ፣ ካርታ ሠርቼ፣ የማስታውሰው ያንን ጧት ነው። ዛሬ ደግሞ አውሮፕላኑ ሲሄድ እጄን አንሥቼ ከታች ቆሜ ነበር።» ይህንን የሥራ ዘመኑን ክፍል ለማንም አልተረጎምኩም፤ ለተጠሪውም አልጻፍኩም።

ቅዳሴው አልቆ አለቃው ወጡ። ነገሩ ሲነገራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቀና ብለው ግን እንዲህ አሉ፦

«እንግዲህ ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ ይፍቱኝ በላቸው። ነገር ግን ነገም ቢነጠፍ አነሣዋለሁ። ብንራብም መስቀል አንረግጥም።»

ተረጎምኩ። መኮንኑ ባርኔጣውን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አድርጎ «ትክክል ናቸው» አለ። «ታዲያ ምን እናንጥፍ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና አውድማ ይሁን አሉ። አውድማ ክብ ነው፤ የእህል ቦታ ነው፤ ማንም ቢረግጠው ነውር የለውም። ነጭ ድንጋይ ለቅመው እንደ አውድማ ዙሪያውን ሊያሰልፉ ተስማሙ። የምልክቱን መለወጥ ለፓይለቶቹ የሚነግር ደብዳቤ ግን በእግር አርብ ገበያ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወዲያ መሄድ አለበት። ለሚቀጥለው ሐሙስ እንጂ አይደርስም።

ቅዳሜ ዕለት መኮንኑ ሳልለምነው ወደ ተጠሪው ወሰደኝ። የእህቴ ቤተ ሰብ ለአንድ ሳምንት እንዲቆይ፣ እህሉ ለመምጣቱ እሱ ዋስ እንደሚሆን ተናገረ። ተጠሪው ከመዝገቡ ቀና ሳይል «ይህ ሽማግሌ መርከቡን ይዘዝ በለው። ስም ከተመዘገበ ተመዘገበ፤ ያልመጣውን ታጣቂ ያመጣዋል» አለኝ። መኮንኑ ፊቴን እያየ ይጠብቃል። በዚያ ሳምንት የተሸከምኩት ቃል ሁሉ ከብዶኝ ነበርና ቀላሉን አነሣሁ፤ «እናያለን ብሏል» አልኩት። እጁን ዘርግቶ ተጠሪውን አመሰገነው። ተጠሪው ስለ ሦስተኛው ጽሑፍ አልጠየቀኝም፤ ያን ሰሞን የሰፈራው ጣጣ ይዞት ነበር።

እሑድ እህቴና ቤተ ሰቧ ለሰኞው መኪና አርብ ገበያ እኔ ቤት መጥተው አደሩ። ሐሙስ እህል ይወድቃል፣ እስከዚያ ተደበቁና ቆዩ ብዬ ለመንኳት።

«ባለፈውም ሐሙስ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችኝ። ለነቀፋ አልነበረም፤ እንዲሁ ስታስታውሰኝ ነው። ባሏም ቃል ቃል ነው ብሎ ከልጆቹ ጋር ቀድሞ ተኝቷል።

ነገሩ ሁሉ የእኔ ጥፋት እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ። «በመስቀሉ ነገር እንዳታዝንብኝ። እኔ አንዱን ጫፍ በመያዜ አይቆጨኝም። ያንን ረግጠን የበላነው እህል ምን ሊሆነን ኖሯል?» አለች። መኝታዋን አነጠፍኩላት። ሰኞ ጧት መኪናው ላይ ስትወጣ ክንዷን ይዤ ደገፍኳት፤ ቀለል ብላ፣ አጥንቷ ብቻ ሆና ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። ባሏ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመተከል በእግሩ ሲመለስ አንድ ልጅ ብቻ ይዞ መጣ። ወባ ነው አለን።

መኮንኑ ሰኞ ዕለት አርብ ገበያ አልነበረም። ድንጋዩን ለማሰለፍ ከእሑድ ጀምሮ ሜዳው ላይ ሰንብቷል። ረቡዕ ሄጄ ስገናኘው ነጩ ክብ አልቆ ነበር፤ ገበሬዎቹ አውድማ ለመሥራት አስተማሪ አላስፈለጋቸውም።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት አውሮፕላኑ መጣ። አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛ ሲመለስ ሆዱ ተከፍቶ ጆንያዎቹ መውረድ ጀመሩ። መሬቱ ሲመታ በእግራችን ይሰማን ነበር፤ አቧራው ሜዳውን ሸፈነው። አምስት ጊዜ እየተመላለሰ ጣለ። እልልታው እህል ካጣ ሆድ ስለሚወጣ ቀጭን ነበር። አለቃው መስቀላቸውን ይዘው እያለቀሱ ጆንያዎቹን ይባርካሉ። እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ይህን ያህል ሰው ከሞት ሲተርፍ ደስ ያላለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ግን እንቢ አለኝ። ከአራት ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ እያልኩ ጆንያ እቆጥር ነበር።

መኮንኑ አቧራ ለብሶ ወደ እኔ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጥቂት ጆንያዎች ፈንድተው ስንዴው ተበትኗል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ።

«እህትህ የትኛዋ ናት?» አለኝ።

ሰኞ ሄዳለች ማለት ቀላል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። ፊቱን አየሁት። ድንጋይ ሲሸከም የተላጠ እጁን አየሁ። ውሃ ውስጥ ስላሉት ሰዎች አሰብኩ፤ አንዲት ሴትና ሦስት ልጆች ልጨምርበት ጉልበት አጣሁ። እጄን አነሣሁና ቅርብ ያለችውን ሴት አሳየሁት። በዕድሜ ከእህቴ ጋር የምትቀራረብ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስንዴ የቋጠረች ሴት ነበረች። ስሟን እንኳ አላውቅም።

ሳልይዘው ወደ እሷ ሄደ። ፊቷ ቆሞ ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋላት። ደንግጣ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ወንድምሽ ስላንቺ ነግሮኛል፣ ሳትሄጂ በመቅረትሽ ደስ ብሎኛል በልልኝ አለኝ። «እንኳን ሳትሄጂ ቀረሽ ይሉሻል» አልኳት።

«ወዴት እሄዳለሁ?» አለች ሴትዮዋ። «ልጆቼ እዚሁ ናቸው፤ እዚያ ከዋንዛው ሥር። ሦስቱንም ዘንድሮ ነው የቀበርኳቸው።»

መኮንኑ ትርጉሙን ይጠብቃል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጆቼም እዚህ ናቸው ትላለች» አልኩት።

ፊቱ ላይ ያረፈውን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወደ እኔ ዞሮ፣ ለእሷ እንዳልተረጉመው በእጁ ምልክት ሰጥቶኝ፣ «አንዷ እንኳ» አለኝ። «አንዷ እንኳ ተረፈች።»

«አዎ ጌታዬ» አልኩት።

«ምን አሉ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ደህና ሁኚ አሉሽ» አልኳት፤ እሷም ወደ ስንዴው ለቀማ ተመለሰች።